ደም በአረንጓዴ ብርሃን

ጎንደር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለተቀመጠ በ93 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል፤ ደባርቅ ሲደርሱ ደግሞ ከ90 ብዙም አይርቅም። የደባርቅ እናቶች ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር አላስፈለጋቸውም። ባቄላው አልበስል ሲላቸው እንጨት ጨምረው ይጠብቃሉ። ለእኛ ለላቦራቶሪ ሰዎች ግን ነገሩ በእንጨት የሚፈታ አልነበረም፤ እሳቱ የቱንም ያህል ቢነድ የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በ1970ዎቹ በእጃችን የነበረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የደም ስኳር ሲመረመር ቱቦው በ100 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀቀል ይል ነበር። የጻፉት ሰዎች ቤታቸው ባሕር አጠገብ ሳይሆን አይቀርም።

የዚያን ጊዜ የስኳር ምርመራ ኦርቶ ቶሉዲን በሚባል ኬሚካል ነበር የሚሠራው። ኬሚካሉ የሚበጠበጠው አቼቶ ውስጥ ባለው በዚያው አሲድ፣ ግን ውሃ ባልነካው ዓይነት ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ዓይን ያስለቅሳል፤ ጋውን ላይ ጠብ ካለ ሽታው እስከ ቤት ይከተላል። ከሕመምተኛው ሴረም ትንሽ ተጨምሮበት ሲቀቀል ስኳሩ ባለበት መጠን አረንጓዴ ይሆናል፤ የበዛበት ይጠቁራል፣ ያነሰበት ይገረጣል። በ93 ዲግሪ የተቀቀለ ቱቦ ግን በ100 ዲግሪ የተቀቀለውን ያህል አይጠቁርም። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ ብንሄድ ብዙ የጎንደር ስኳር በሽተኛ ጤነኛ ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር።

መምህራችን መፍትሔውን በአጭሩ ነበር የነገሩን፦ «መጽሐፉን ተዉት፤ ስታንዳርዱን ከሕመምተኛው ቱቦ ጋር በአንድ ውሃ ቀቅሉት።» ስታንዳርድ የምንለው የስኳር መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በራሳችን እጅ ተመዝኖ የተበጠበጠ ፈሳሽ ነው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ከተቀቀሉ ውሃው በ93ም ይፍላ በ90 ጉድለቱ ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል፤ ሲነጻጸሩም ይጠፋፋል። እኚህ ሰው ሌላም ብዙ አስተምረውናል፤ ወደፊት የምለው ሁሉ ግን ከዚህች ንግግራቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራው ኬሚካል፣ ያኔ ባርኮድ ተለጥፎበት በካርቶን አይመጣም ነበር። የሚመጣው ዱቄቱ ነው፤ መመዘን፣ ማሟሟት፣ ማጥለልና በቡናማ ጠርሙስ ማስቀመጥ የእኛ ሥራ ነበር። ጠዋት ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ዲስቲለሩ የተጣራ ውሃ አንጠባጥቦ ማደሩን ነው። የቧንቧ ውሃ ከሄደ ዲስቲልድ ውሃ የለም፤ ዲስቲልድ ውሃ ከሌለ ሥራ የለም። ከዚያ የትናንቱን ብርጭቆ ማጠብ ይመጣል፤ የጣት አሻራ ያለበት ኩቬት፣ ማለትም የማንበቢያው ቱቦ፣ ራሱ ብርሃን ስለሚጋርድ የሌለውን በሽታ ያመጣል። አዲስ የገባ ልጅ ለወራት ብርጭቆ አጣቢ ነበር፤ ማንም አያዝንለትም።

የሠራንባቸው ዕቃዎች ከየት እንደመጡ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ደምቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ከላይፕሲክ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች መጡ። የዚያ ዘመን ላቦራቶሪ ዕቃ የአገሪቱን ዲፕሎማሲ ያሳይ ነበር ብል አላጋነንኩም። እኔ ከሠራሁባቸው ክፍሎች በአንዱ የአሜሪካው ስፔክትሮኒክ 20 በአንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በምሥራቅ ጀርመኗ የና የተሠራው ካርል ሳይስ ስፔኮል በወዲያኛው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት አይስማሙም፤ ሁለቱ ማሽኖች ግን በአንድ ደም ላይ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

ስፔክትሮኒክ 20ን ባውሽ ኤንድ ሎምብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው ያወጣው። ባለቀለም ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ ከባድ የብረት ሳጥን ነው። ከላይ መርፌ ያለው ሰሌዳ አለ፤ ከመርፌዋ ኋላ ቀጭን መስታወት ተገጥሟል። መስታወቱ ለጌጥ አይደለም። አንባቢው አንገቱን አስተካክሎ መርፌዋ የራሷን ምስል እስክትሸፍን ድረስ እንዲያይ ነው፤ ከጎን ያነበበ ሰው ሌላ ቁጥር ያነባል። ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ ማሽኑ ባዶ ሳለ መርፌዋን በግራ ቁልፍ ዜሮ ላይ እናቆማለን፤ ብላንኩን፣ ማለትም ደም ያልነካውን ሪኤጀንት፣ ከትተን በቀኝ ቁልፍ 100 ላይ እናመጣለን፤ ቀጥሎ የሕመምተኛው ቱቦ ይገባል። መብራቱ ከተንቀጠቀጠ መርፌዋም ትንቀጠቀጣለች። መብራት ከሄደ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል። አምፖሉ የተቃጠለ ዕለትማ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መስኮቱ ነበር ማሽናችን፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ተማሪ ሁሉ የማይረሳት አንዲት ሙከራ ነበረች። ቀጭን ነጭ ወረቀት ይቆረጥና በቱቦው ቦታ ይገባል፤ ክፍሉ ይጨልማል፤ አንዱ ተማሪ ከላይ አጎንብሶ ወደ ውስጥ ያያል፣ ሌላው የሞገድ ርዝመቱን ቁልፍ ያዞራል። 450 ላይ ወረቀቷ ሰማያዊ ናት፤ 540 ላይ አረንጓዴ፤ 590 አካባቢ ብጫ፤ ከ620 ወዲያ ቀይ። ቁጥሮቹ ናኖሜትር ናቸው፣ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ። ከአንድ ተራ አምፖል የወጣ ነጭ ብርሃን በማሽኑ ሆድ ውስጥ ተበትኖ፣ እኛ የፈለግነው ቀለም ብቻ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ማየት ከመጽሐፍ አሥር ገጽ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ «ደም ለምን በአረንጓዴ ብርሃን ይለካል?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ቀይ ነገር ቀይ የሚመስለው ቀዩን አሳልፎ አረንጓዴውን ስለሚውጥ ነው፤ የሚዋጠውን ብርሃን ካልላክህበት ስንት እንደዋጠ አታውቅም።

የመዋጡን ሕግ ሦስት ሰዎች በየተራ ነው የደረሱበት፤ ፒየር ቡገር እ.ኤ.አ. በ1729፣ ዮሐን ላምበርት በ1760፣ ኦገስት ቤር በ1852። ነገሩ በቁጥር ይቀላል። አንድ ቱቦ ቀለም ግማሹን ብርሃን ቢውጥ 50 በመቶ ያልፋል። የቀለሙ መጠን እጥፍ ሲሆን ግን ሁሉም አይዋጥም፤ የቀረው ተገምሶ 25 በመቶ ያልፋል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን 12.5። ስለዚህ የሚያልፈው ብርሃን ከደሙ መጠን ጋር በቀጥታ አይሄድም። በሎጋሪዝም ሲቀየር ግን ይሄዳል፦ 0.301፣ 0.602፣ 0.903። ይህን ቁጥር ነበር እኛ ኦዲ የምንለው። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም መስመሮች አሉ፤ የመቶኛው እኩል እኩል የተከፋፈለ፣ የኦዲው በስተግራ በኩል እየተጨናነቀ የሚሄድ። መርፌዋ በ0.2 እና በ0.8 መሐል ስትቆም እናምናታለን። ከ1 ካለፈች ናሙናውን አቅጥነን እንደግማለን፤ እዚያ ጥግ ላይ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ስትል መጠኑ ብዙ ይለወጣል።

መጠናቸው የታወቀ አራት አምስት ስታንዳርዶች ተነብበው በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ ይደረጋሉ፤ ነጥቦቹ በማስመሪያ ይያያዛሉ። ያ መስመር ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ቀንና የሠራው ሰው ፊርማ ያርፍበታል። አምፖል ሲቀየር ወይም አዲስ ሪኤጀንት ሲበጠበጥ መስመሩም እንደገና ይሠራል። የላቦራቶሪን ጥራት ለመመርመር የመጣ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ማሽኑን ሳይሆን ያንን ወረቀት ነበር። ነጥቦቹ በመስመሩ ላይ ሳይንገዳገዱ ከተሰለፉ በዚያ ክፍል የሚሠራው ሰው እጁ ይታመናል። አሮጌ ቀን ካለበት ደግሞ ውጤቱን በጥርጣሬ ማየት ነው።

ማሽኑ ያልደረሰበት ጤና ጣቢያ፣ ወይም አምፖሉ በተቃጠለ ጊዜ፣ ሳህሊ የሚባለው የደም መለኪያ ዘዴ ነበረ። ቀለል ያለ የአሲድ ፈሳሽ በቱቦ ይቀመጣል፤ 20 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም በቀጭን ፒፔት ተስቦ ይጨመራል፤ ቡናማ እስኪሆን 10 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ዲስቲልድ ውሃ በጠብታ በጠብታ እየተጨመረ ቀለሙ ከጎንና ከጎን ካሉት ቡናማ መስታወቶች ጋር እስኪመሳሰል ይቀጥላል፤ ሲመሳሰል ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር ኤችቢው፣ ማለትም የሄሞግሎቢኑ (የደሙ ቀይ ቀለም) መጠን፣ ነው። የሚነበበው በመስኮት ብርሃን ነው። ሐምሌ ላይ ጉም ሲወርድና ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ቱቦ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ሁለት ባለሙያ አንዱን ቱቦ አይተው አንደኛው 9 ሌላው 11 ሲሉ ሰምቻለሁ። ዓይን ያዳላል፤ የሕመምተኛዋን ገርጣታ አስቀድሞ ያየ ሰው ቱቦውም ገርጥቶ ይታየዋል። መርፌዋ የወደድናት ሕመምተኛውን ስለማታውቀው ነው።

በስፔክትሮኒኩ የምንጠቀመው ድራብኪን የሚባለውን ፈሳሽ ነበር። ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ 200 ሚሊግራም፣ ፖታሲየም ሳያናይድ 50 ሚሊግራም፣ ፖታሲየም ፎስፌት 140 ሚሊግራም በአንድ ሊትር ውሃ። ብጫ ፈሳሽ ነው። 5 ሚሊሊትሩ ላይ ያችው 20 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ሲገባ ሄሞግሎቢኑ ወደ አንድ ጽኑ ቀለም ይለወጣል፤ 540 ላይ ይነበባል። ዘዴው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ የሆነውም በዚህ ጽናቱ ነው፤ ማመሳከሪያው ፈሳሽ ለብዙ ወራት አይለወጥም። ሳያናይዱ የሚቀመጠው በቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ከክፍሉ ኃላፊ ኪስ አይወጣም። ያኔ ፒፔት የሚሳበው በአፍ ነበር፤ ሴረምም፣ አሲድም፣ አንዳንዴ ሽንትም። ድራብኪን ግን በአፍ አይሳብም፤ ከአሲድ ጋር በአንድ ማጠቢያም አይደፋም፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

እነዚህ ቁጥሮች ለወረቀት ብቻ አልነበሩም። በመስከረምና በጥቅምት፣ የወባው ወራት፣ ከደምቢያና ከመተማ የሚመጡ ሕፃናትን ኤችቢ 4 እና 5 እያልን እንጽፍ ነበር። ወልዳ ደም የፈሰሳት ሴት ከወገራ በቃሬዛ ትደርሳለች፤ ሐኪሙ ከመወሰኑ በፊት የሚጠብቀው ያችን መርፌ ነው። ዘመድ ደም ይስጥ ሲባል መጀመሪያ ኮሪደሩ ባዶ ይሆናል፤ ቆይቶ አንዲት እኅት ወይም አንድ ያልታሰበ ጎረቤት እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣል። ያን ጊዜ 5ን 7 ብሎ ማንበብ ወይም 7ን 5 ማለት ምን እንደሚያስከትል ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ደጋው ልውጣ። ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ የሚመጣ ሰው ከቆላው ሕመምተኛ በመልኩም በአካሄዱም ይለያል። አንድ ጊዜ ለቀዶ ጥገና የተላኩ አንድ አዛውንት ጣታቸውን ስወጋ ዝም ብለው ቆዩና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን ያህል ተገኘብኝ?»

«አባቴ፣ ደምዎ ደኅና ነው፤ 15 ተኩል።»

«ይበቃል?»

«ይበቃል እንጂ! ከየት ነው የመጡት?»

«ከጃናሞራ፣ ከላይኛው።» ከላይኛው ያሉት በኩራት ነበር።

ያ 15 ተኩል ያለ አንዳች ጥርጣሬ ጤነኛ ቁጥር ነው። ግን መጽሐፋችን ሌላ ይል ነበር። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ስለሚያንስ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ያመርታል፤ ስለዚህ የደገኛ ኤችቢ ከፍ ይላል። ምሳሌው ሁልጊዜ የፔሩና የቦሊቪያ ተራራ ሰው ነው። በዚያ ስሌት ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖር ወንድ 17፣ 18፣ ከዚያም በላይ ሊያሳይ ይገባል። የእኛዎቹ 15 እና 16 ላይ ይውላሉ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ እንደ ሥራው ልማድ በሪኤጀንቱ ላይ ነው፤ ድራብኪኑ አርጅቶ ይሆን? አዲስ ይበጠበጣል፣ አዲስ መስመር ይሠራል፤ መርፌዋ እዚያው ትቆማለች። ከዚያ ምግቡ ይጠረጠራል። ነገር ግን ጤፍ በብረት የበለጸገ መሆኑ ያኔም ይታወቅ ነበር። ከዚያ ወረፋው ይጠራል፣ ነገሩ ይረሳል።

ሌሎች ግን አልረሱትም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰሜን ተራሮች ግርጌና አናት የሳይንስ ሰዎችን ዓይን ስቦ ነበር። እንግሊዛዊው ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ1,500 ሜትር ላይ ያለውን የአዲ አርቃይን ሰው በ3,000 ሜትር ካለው ከደባርቁ ጋር አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። ያ ውድድር ብልህ ነበር፤ አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ፣ ዋናው ልዩነቱ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚያወጣው ከፍታ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሲንቲያ ቢልና የሥራ ጓደኞቿ፣ ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድኅን፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ ካለችው ከአምባራስ ያገኙትን ይዘው ብቅ አሉ። 236 ሰው ለክተዋል። የወንዶቹ አማካይ ኤችቢ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0። በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። በጣት ላይ በምትሰካው ኦክሲሜትር የደሙን ኦክስጅን ሲያዩ 95.3 በመቶ ሆነ። ኦክሲሜትሯ ያው የእኛው ሥራ ናት፤ ቱቦና ሪኤጀንት ቀርቶባት። ጃፓናዊው ታኩዎ አኦያጊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ መርሑን ሲያገኝ ያደረገው ደሙን ከሰውነት ሳያወጣ እዚያው በሥሩ ውስጥ እንዳለ ብርሃን እያሳለፈ ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ማንበብ ነው፤ የዛሬዎቹ ኦክሲሜትሮች ሁለት ብርሃን ይልካሉ፣ አንዱ ቀይ በ660፣ ሌላው ለዓይን የማይታይ በ940 ናኖሜትር ገደማ። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ሄሞግሎቢን ሁለቱን ብርሃን እኩል አይውጡም፤ ልዩነቱ መቶኛውን ይሰጣል። በዚህ ልኬት የአንዲስ፣ ማለትም የፔሩና የቦሊቪያ ተራራ፣ ሰው ኦክስጅኑ ሲያንሰው ኤችቢውን ከፍ አድርጎ፣ ደሙን አወፍሮ ይኖራል፤ የቲቤት ሰው ደሙን ሳያወፍር በዝቅተኛ ኦክስጅን ይኖራል። የአምባራስ ሰው ደሙ አልወፈረም፣ ኦክስጅኑም አልወረደም። ሦስተኛ መንገድ ነው፣ ከሁለቱ አንዱን የማይመስል።

አሁን ወደ ዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ይምጡ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ደም ማነስ አለው የሚባለው ወንድ ከ13፣ እርጉዝ ያልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲሆኑ ነው። በከፍታ ለሚኖር ሰው ግን መጀመሪያ ከተለካው ኤችቢ ይቀነሳል፤ በዚያ መመሪያ በ3,500 ሜትር 2.7 ይቀነስ ነበር። ቅናሹ የተሰላው በአብዛኛው ከአንዲስና ከአሜሪካ ከፍታ ቦታዎች በተገኘ ልኬት ነው። አምባራስ ላይ አስሉት። 15.9 ሲቀነስ 2.7፣ 13.2። 15.0 ሲቀነስ 2.7፣ 12.3። አማካዩ ወንድ ከበሽታው መስመር የሚበልጠው በ0.2፣ አማካይዋ ሴት በ0.3 ብቻ ሆነ ማለት ነው። ከአማካዩ በታች ካለው ሕዝብ አብዛኛው፣ ገደል ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ገበሬ፣ በወረቀት ደም ማነስ ይያዛል። ድርጅቱ ሰንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ2024 አሻሽሎታል፤ ጥያቄው ግን ለሰሜን ሰው አልተዘጋም። የመምህራችን ንግግር እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ የአንዲስ ስታንዳርድ የተቀቀለው በሌላ ውሃ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አምባራስ ላይ 236 ሰው ከመለካቱ በፊት እኛ ስንቱን ለክተናል? ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከበየዳና ከጃናሞራ የመጣ ሁሉ በቀዶ ጥገናም፣ በወሊድም፣ በሳምባ ነቀርሳም ምክንያት ኤችቢው ተነብቦ በትልቁ መዝገብ ላይ በቀለም ተጽፏል። ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የመጣበት ወረዳ፣ ቁጥር። በየክፍሉ፣ በየዓመቱ። በርግጥ የታመመ ሰው ደም የጤነኛ መለኪያ አይሆንም፤ ይህን ማንም የስታትስቲክስ ተማሪ ይነግረኛል። ግን ለሄርኒያ የመጣ፣ ለጥርስ የመጣ፣ ለዓይን የመጣ ሞልቶ ነበር። ቆላውንና ደጋውን በአንድ እጅ፣ በአንድ ድራብኪን፣ በአንድ ማሽን ለክቶ ጎን ለጎን የጻፈ ላቦራቶሪ በዓለም ላይ በየቦታው አይገኝም። ጎንደር ከመተማ እስከ ራስ ዳሽን ግርጌ ሕመምተኛ የሚጎርፍባት ከተማ ናት፤ መልሱ በክንዳችን ሥር ተዘርግቶ ነበር።

ያ ዘመን ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ትዝታ ሁሉን ያሳምራል። ኦርቶ ቶሉዲን ዛሬ የፊኛ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመዝግቧል፤ እኛ ስናሸትተው ኖረናል። ለኩላሊት ምርመራ የምንጠቀመው ፒክሪክ አሲድ ከደረቀ ይፈነዳል፤ ጠርሙሱ እንዳይደርቅ ውሃ እየጨመርን አብረነው አድረናል። አንድ የኤችቢ ወረፋ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ አንድ ማሽን በአንድ ደቂቃ ገደማ ከአንዲት ጠብታ ሃያ ምናምን ቁጥር ያወጣል። በውስጡም ያው ነው፤ ቀለሙን የሚያነበው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ብርሃን ነው፣ በዚያው በ540 ሠፈር። ሳጥኑ ተዘጋ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። የጠፋው ሌላ ነው። ቁጥሩ ሲወጣ «ከምን አንጻር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እየሳሳ ነው። ውጤቱ ላይ ከጎኑ «ኖርማል» የሚል ክልል ታትሞ ይወጣል፤ ያን ክልል ማሽኑ ውስጥ የከተተው ፋብሪካው ይሁን እኛ፣ የየትኛው አገር ሰው ደም ይሁን፣ ወጣቱ ባለሙያ እንዲጠይቅ አይገደድም። እኛ መስመራችንን ራሳችን ስለምናሰምር ሳንወድ በግድ እንጠይቅ ነበር።

መዝገቦቹ የት ገቡ? አንዳንዱን አውቃለሁ። በአንድ ሆስፒታል መጋዘን ሲጠብ ተጭነው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ በርበሬና ቆሎ ሲጠቀለልባቸው ያዩ ሰዎች አሉ። የግድግዳው ግራፍ ወረቀትማ ቀለም ቀቢው ሲመጣ ነው የተላጠው። ሌላው ግን ሁሉ ጠፍቷል ብዬ አላምንም። በጤና ጣቢያ ውስጥ ያረጀ ነገር ሁሉ የሚታጎርበት አንድ ክፍል አይጠፋም።

ስለዚህ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በአዲ አርቃይ፣ በጃናሞራና በጎንደር ከተማ ላቦራቶሪ የምትሠሩ ልጆች፣ ያንን ክፍል ክፈቱልን። ጥቁር ጨርቅ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ካገኛችሁ ለአወጋገድ ኮሚቴ ከመስጠታችሁ በፊት የሕመምተኛውን ስም ሸፍናችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡት። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ወረዳ፣ ቀንና ኤችቢ ይበቃሉ። በሳህሊ የተነበበውን በድራብኪን ከተነበበው ለይታችሁ ያዙ፤ ዘዴው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል፣ ካልተጻፈም በዚያ ጊዜ የሠሩት ጡረተኞች አሁንም በከተማው አሉና ጠይቋቸው። ከዚያ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪዎች ስጡ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ በየዓመቱ አይጠፋም። ለእኔም የሚደርስ ካለ ለማንበብ ዓይኔ ገና ደኅና ነው።